ዐፄ ግርማ ሥሉስን ማን አየው?

ይርጋነሽ ደብዳቤውን በቁሟ አንብባ ጨረሰች። ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችውና እስከ ቢቸና ያለውን መንገድ በሙሉ እየተራገመች ሄደች።

ደብዳቤው አጭር ነበር። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ነገሡ የሚባሉት ዐፄ ግርማ ሥሉስ የተቀበሩት እሷ ጤፍ በምትዘራበት ማሳ ሥር ነው ብለው ሽማግሌዎች ተናግረዋል፤ ስለዚህ ቦታው ተቆፍሮ ሙዚየም ይሠራበታል፤ ለባለ ይዞታዋ ምትክ መሬት ይሰጣታል ይላል።

ደብዳቤውን የላከው የመታሰቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ሐብታሙ ወንበር ሳብ አደረገላት። አልተቀመጠችም።

«እትዬ ይርጋነሽ፣ ምትኩ እኮ ከእርስዎ ማሳ እጥፍ ነው። ያውም ውኃ ገብ መሬት! ማን ይጠላል?»

«እኔ እጠላለሁ።»

«የንጉሥ መቃብር እኮ ነው። አገር ምድሩ ሊያየው ይመጣል።»

«የምን ንጉሥ? ማን አየው? አልቃሽ ስትቀባበለው የኖረችውን ተረት ይዘህ ነው የኔን ማሳ የምትቆፍረው?»

በሳምንቱ ሁለት ቀያሾች መጥተው ችካል ተከሉ። አንድ በአንድ ነቀለችው፤ በትከሻዋ ተሸክማ ወስዳም የኮሚቴው ደጃፍ ላይ ዘረገፈችው። የገበያ ቀን ስለነበር ያላየ አልነበረም። ግማሹ ሰው «ይቺ ሴት ለመሬት ያላት ስስት!» አለ። ሌላው «ሐብታሙ በንጉሥ ስም ሆቴል ሊሠራ ነው» አለ። የሆቴሉ ወሬ ከየት እንደተነሣ ማንም አያውቅም፤ ይርጋነሽ ግን በሄደችበት ሁሉ ደገመችው።

ሐብታሙ ወሬው ሲደርሰው ገበያ መሐል በሰው ፊት ጮኸባት።

«ተረት ነው የሚል ዐዋቂ ካለዎት ያምጡ! ያኔ እተወዋለሁ!»

በማግስቱ ማለዳ የሞጣ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ሞጣ ውስጥ የምትፈልገው ሰው አንድ ነው፤ ዕድሜያቸውን በብራና መጻሕፍት ላይ የፈጁት የቅኔ መምህር መርጌታ ሣህለ ማርያም።

«የኔታ፣ ዐፄ ግርማ ሥሉስ የሚባል ንጉሥ በመጽሐፍ አለ?»

«የለም» አሉ ሳያመነቱ። «ገድሉን አገላብጫለሁ፣ ዜና መዋዕሉን አገላብጫለሁ። ስሙ ያለው በለቅሶ ግጥም ብቻ ነው።»

«ቢቸና መጥተው ይህንኑ ይምሉልኛል?»

መርጌታ የመጣችበትን ጉዳይ ሲሰሙ ፊታቸው በቁጣ ጠቆረ።

«በሌለ ንጉሥ የሴት መሬት ሊነጥቁ? እምላለሁ እንጂ!»

ይርጋነሽ እጃቸውን ሳመች። ዐይኗ እንባ አቀረረ። መርጌታ ደስ ያላት መሰላቸው።

ስብሰባው ቢቸና አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። መርጌታ ያገላበጧቸውን መጻሕፍት ሁሉ በስም ጠሩ፤ መስቀል ጨብጠውም «አንዱም ይህን ንጉሥ አያውቀውም» ብለው ማሉ። ሐብታሙ ላብ በላብ ሆነ።

«መልካም» አለ። «ባለ መሬቷም ይማሉ። ከእናት ከአባታቸው ስለ መቃብሩ አንዳች ሰምተው እንደማያውቁ ይማሉ።»

ይርጋነሽ ብድግ አለች። ድምፅዋ በንዴት ተቆራረጠ።

«እኔ? ችካል ተተክሎብኝ፣ በገበያ መሐል ተጮኾብኝ፣ አሁን ደግሞ እንደ ሌባ ልማል? መርጌታን የሚያህል ሰው ምሎላችሁ ምን ቀራችሁ?»

«ነውር ነው!» አለ አንድ ከኋላ። «ነውር ነው!» አለ አዳራሹ።

እጅ ወጣ፤ ቁፋሮው ቀረ። ሐብታሙ ወረቀቱን ሰብስቦ ሲወጣ አጠገቧ ቆመ።

«ንጉሣችንን ገደሉት። ይበቃዎታል?»

ይርጋነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወደ በሩ ሄደች።

ጎረቤቶቿ እልል እያሉ እስከ ማሳዋ ሸኟት። አመሰገነቻቸው፤ አንድም ሳይቀር እስኪሄዱ ጠበቀች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወደ ማሳው መሐል ገባች፤ ተንበርክካም ግንባሯን ከአፈሩ ላይ ደፋች።

«ይረፉ ጃንሆይ» አለች በሹክሹክታ፤ «ሊቆፍሩ የመጡት ሄደዋል።»