ፍርፋሪ ፍለጋ

ትራሱን ገልብጣ ታራግፈዋለች። ምንም የለም። አንሶላውን ትገልጣለች፤ ፍርፋሪ የሚባል ነገር የለም። ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ለምርመራ የወጋችውን ጣቱን እየመጠጠ ያያታል። ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ዛሬ ከትናንቱም ብሷል።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን አበሉት?»

አማቷ በሩ ሥር ኩርምት ብለዋል። «ኧረ በፈጣሪ! አንቺን ሳልጠይቅ ውሃ እንኳ አልሰጠሁትም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ስኳሩ ከሰማይ ወረደ?»

ሐኪሙ ነገሩን አላጋነነውም። የአንጎል ካንሰር ስኳር ይወዳል ይባላል፤ ምግቡን መቀየር ከጨረር ሕክምናው ጎን ለጎን ሊያግዝ ይችል ይሆናል፤ ገና በጥናት ላይ ነው፣ ነበር ያለው። እሷ ግን «ያግዛል» የምትለዋን ብቻ ይዛ ቤቷ ገባች። በዚያው ቀን ዳቦው፣ ሩዙ፣ ድንቹ፣ ማሩ ሁሉ ተጠራርጎ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሰፈሩን ዳቦ ሲያበላ የኖረው ጋጋሪ ባሏ፣ ጠዋት ማታ እንቁላል በቅቤ፣ አቮካዶ በዘይት ሆነ ቀለቡ። መጀመሪያ ሰሞን ይቀልድ ነበር። «ሴትዮ፣ ልታድኚኝ ነው ልትጠብሺኝ?» ይላት ነበር። አሁን ቃላቱ አንድ በአንድ እየጠፉበት ነው። «ራበኝ» ግን አልጠፋችም።

ስልኳ ይጮኻል። ጠዋት ደውላ ያማከረቻት ነርስ ናት።

«እህቴ፣ ሐኪሙን ጠይቄልሻለሁ። ማንንም አትቆጪ። ለአንጎሉ እብጠት የሚወስዳት ኪኒን ራሷ ስኳር ትጨምራለች። እንዲህ የምታስርበውም እሷው ናት።»

«እንተዋታ!»

«እንዳታደርጊው! ድንገት ካቆመ እብጠቱ ይብስበታል። ሐኪሙ ነገ ያየዋል፤ እስከዚያ እንደታዘዘው ስጪው።»

«እኔስ? እኔ ምን ላድርግለት?»

«በርቺ» ትላታለች።

ስልኩን አስቀምጣ ወደ አማቷ ትዞራለች። «እማማ...» ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ትላለች። «ተይው፣ ተይው» ይላሉ አሮጊቷ፣ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ።

የኪኒኑ ሰዓት ደርሷል። አንዷን በመዳፏ ይዛ ትቀርበዋለች። እጇ ላይ የሆነ ነገር መኖሩን ሲያይ ፊቱ ይፈካል፤ አፉን ይከፍታል። ታጎርሰዋለች። ውሃውን ስትሰጠው በእጁ ይገፋዋል።

መራራዋን ኪኒን እያኘካት ነው፤ ቶሎ እንዳታልቅበት፣ ቀስ እያለ።