ከጋሽ ፋንሽ ድምፅ በታች

የጭፈራው ክብ ወደ ግራ መዞር ሊጀምር ነው። ጉልቨን አንዷን ትንሽ ጣቱን ከአዜኖር ትንሽ ጣት፣ ሌላዋን ከማያውቃት ልጅ ትንሽ ጣት ጋር ቆልፎ የመጀመሪያዋን ስንኝ ይጠብቃል። ዛሬ የአባቱን ሰደርያ ለብሷል፤ ጥቁር፣ ዳር ዳሩን በብርቱካንማ ክር የተጠለፈ፣ ትከሻው ላይ ሰፊ የከፋይ ጨርቅ የተሰፋበት። አባቱ ቀጭን ነበሩ። እሱ ግን አጭርና ድቡልቡል ነው።

«ሦስተኛዋን ቁልፍ ፍታት» አለችው አዜኖር፣ የመንደሩ የመድኃኒት ቤት ባለቤት። ወደ እሱ አልዞረችም፤ አንገቷን ካነቃነቀች ረጅሙ የዳንቴል ቆቧ ይዘማል። «ተፈናጥራ ዓይኔን ካጠፋችው አንተን ነው የምከስህ።»

«አባቴ ሲጨፍሩ ቁልፍ ፈትተው አያውቁም።»

«አባትህ እንዳንተ ቅቤ ላይ አይበረቱም ነበራ።»

ጉልቨን ፖስታ አዳይ ነው። መኪናው ውስጥ ከደብዳቤው ይልቅ ካሴቱ ይበዛል፤ የአየርላንዱም የስኮትላንዱም የኬልቶች ዜማ አለው። ከሁሉም አስበልጦ የሚወደው ግን የራሱን አገር፣ የፈረንሳይዋን የብሪታኒን የእሑድ ከሰዓት ጭፈራ ነው። ዘፍኖ አያውቅም። ዘፈን የአውጪና የተቀባይ ነው፣ የእኔ ድርሻ እግር ነው ይላል።

ጠባቧ መድረክ ላይ እትዬ ማይቮን ብቻቸውን ቆመዋል። አርባ ዓመት ሙሉ እሳቸው ሲያወጡ የተቀበሏቸው ወንድማቸው ጋሽ ፋንሽ ነበሩ። ጋሽ ፋንሽ ቁመተ ረጅም ስለነበሩ፣ እትዬ ማይቮን በአንድ እጃቸው ጆሯቸውን ይዘው ሌላውን ወደ ላይ አንጠራርተው ወንድማቸው ትከሻ ላይ ያሳርፉ ነበር። የስንኙ የመጨረሻ ቃል ከእህትየው አፍ ሳትወድቅ ወንድምየው ይቀልቧታል፤ ሁለቱም አብረው ይሏትና ስንኙን ጋሽ ፋንሽ ይደግሙታል። በመሐል ትንፋሽ የምታህል ክፍተት የለም። በዚህ ጭፈራ መሣሪያ ስለሌለ ድምፅ ከተቋረጠ እግር የሚያርፍበት ይጠፋዋል።

ጋሽ ፋንሽ የሞቱት በየካቲት ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ሰዎች እኔ ልቀበል ብለው ሄደው ነበር፤ አንዱማ ኬክ ይዞ ነው የሄደው። እትዬ ማይቮን ስለ ኬኩ አመስግነው፣ የፋንሽ ቦታ የወረፋ ቦታ አይደለም ብለው ሸኙት። ለጭፈራው ኮሚቴ ደግሞ፣ አንድ እሑድ ብቻዬን ልሞክር፣ ካልሆነ እኔም አርፋለሁ፣ እናንተም ሳጥናችሁን ክፈቱ አሉ። ሳጥን ያሉት የተቀዳ ዘፈን የሚያሰማውን ድምፅ ማጉያ ነው። ጥግ ላይ ጨርቅ ተጥሎበት ቆሟል።

እትዬ ማይቮን ጀመሩ።

ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ ቀለበቴ ገባ ውኃ...

ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው። የመጨረሻዋን ቃል የቻሉትን ያህል ጎተቷት። ከዚያ መተንፈስ ነበረባቸው። እሳቸው ሲተነፍሱ ክቡ ተደነቃቀፈ፤ ግማሹ ሰው ረገጠ፣ የግማሹ እግር አየር ላይ ቀረ። ሁለተኛውን ስንኝ አወጡ፤ አሁንም እንዲሁ። ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ጥግ ላይ አንዱ የኮሚቴ ሰው ጨርቁን ገለጥ አደረገ።

ሦስተኛው ስንኝ ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ ተቀባይ አገኘ። ሻካራ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ቃሏን በቦታዋ ቀለባትና ስንኙን ደገመው። እግሮች ሁሉ እኩል አረፉ፤ ወለሉ አንድ ጊዜ ድም አለ። ክቡ እንደ ውኃ ሄደ። የጉልቨን ልብ ሞቀ። ማነው ይሄ ባለሙያ ብሎ አንገቱን ሲያዞር አዜኖር ቆቧን ረስታ ታየዋለች።

«አንተ እኮ ነህ» አለችው።

አፉን ዘጋ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጨፍር፣ ከጋሽ ፋንሽ ድምፅ በታች፣ ለራሱም ሳይታወቀው ሲቀበል ኖሯል። ዛሬ የሚሸፍነው ድምፅ የለም። ፊቱ ጋለ። በሟች ቤት ሳያንኳኳ የገባ መሰለው።

ከመድረኩም አራተኛ ስንኝ አልወጣም። ክቡ ጣት ለጣት እንደተያያዘ ቆመ። እትዬ ማይቮን ከላይ ሆነው አዩት፤ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ሰደርያውን።

«ፖስታው?»

«አቤት እትዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዛሬ አምልጦኝ ነው ማለት ይችል ነበር። «ሠላሳ ዓመት ሳይሆን አይቀርም» አለ። «አላወቅኩትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እትዬ ማይቮን የቀሚሳቸውን እጅጌ ጎተት ጎተት አደረጉ።

«ፋንሽ እኮ፣ እዚያ ታች አንድ ንብ አለ ይለኝ ነበር» አሉ። «አንዴም አይስትም ይለኛል። እኔ ደግሞ ጆሮህ ጃጅቷል እለው ነበር።»

ከዚያ መድረኩ ላይ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁ።

ጉልቨን ጣቶቹን ከሁለቱም ወገን አላቀቀ። አዜኖርና ልጅቷ በተወው ክፍተት ተሳስበው ተቆላለፉ። «አሁንስ ፍታት፤ ትንፋሽ ትፈልጋለህ» አለችው አዜኖር። ሦስተኛዋን ቁልፍ ፈታ፤ ወደ መድረኩም ወጣ።

እትዬ ማይቮን አላዩትም። ዓይናቸውን ጨፍነው በአንድ እጃቸው ጆሯቸውን ያዙ። ሌላው እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ላይ ተዘረጋ፤ የጋሽ ፋንሽ ትከሻ በነበረበት ከፍታ ደርሶ፣ ባዶው ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወረደ፤ አሁንም ወረደ፤ የሰደርያውን ከፋይ ሲያገኝ አረፈ።