ስልሳ አንድ በመቶ

የላፕቶፕ ሻጩ «እሺ» የሚለውን ከተጫነ በኋላ ነው ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ የጨረስኩት። «ፋይሉ ወደ አዲሱ ፕሮግራም ይቀየራል። ሳያልቅ ከተቋረጠ ይበላሻል።»

ክው አልኩ። «ምነው ሳትጠይቀኝ?»

«እሺ በል አለኝ፣ እሺ አልኩት።» ይስቃል። «እናንተ የሒሳብ ሰዎችማ ጥላችሁንም አታምኑ!»

ላፕቶፕ የምመርጠው እንዲህ ነው። ባዶ የሒሳብ ፕሮግራም በየትኛውም ላይ ይበራል። ስለዚህ የአጎቴን መጋዘን የሰባት ዓመት የሒሳብ ፋይል በፍላሽ ይዤ መጣሁ፤ እከፍትና የዓመቱ ሪፖርት እስኪወጣ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። የመጀመሪያው ላይ አርባ ደረስኩ። ሁለተኛው ላይ ዘጠኝ። ይሄ ሦስተኛው ነው።

ፍላሹ ላይ ያለው ግን ቅጂ አይደለም። ሰው እንዳይነካብኝ ብዬ ከዚያው ላይ ነው የምሠራው፤ ማታ ከቤት ቁልፌ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ይገባል። ሌላ የለም።

መቀየሩ ስልሳ አንድ በመቶ ላይ ቆሟል።

ስክሪኑ ድንገት ደብዘዝ ብሎ ይመለሳል።

«ባትሪው ሞቷል፣ በመብራት ብቻ ነው የሚሠራው» ይላል ሻጩ። «የገመዱም መሰኪያ ትንሽ ላላ ብሏል።»

ገመዱን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ።

«እህቴ፣ ይሄ ይቅርብሽ። በኋላ ስሜን በክፉ ታነሺዋለሽ። ያ ዘጠኝ የቆጠርሽበት ይሻልሻል።» ገመዱን ሊነቅለው እጁን ይሰዳል።

«እንዳትነካው!»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይዞራል። ድምፄን እኔም አላወቅኩትም።

ስልኬ ይጠራል። አጎቴ ነው። ሻጩ፣ አሁን ሳይስቅ፣ አንስቶ ጆሮዬ ላይ ያደርግልኛል።

«የኔ ልጅ፣ ላፕቶፕ አገኘሽ? ኦዲተሩ ነገ በጠዋት ነው። ሰው ሁሉ ገና ልጅ ናት ሲለኝ፣ እሷ ጥንቁቅ ናት ብዬ ነው ሥራ ያስገባሁሽ፣ እንዳታሳፍሪኝ።»

«እሺ፣ አጎቴ።»

«ፋይሉ ሁለት ቦታ አለ ነው ያልሽኝ፣ አይደል?»

አዎ ለማለት አፌን እከፍታለሁ።

«አንድ ነው፣ አጎቴ። እሱም አሁን እጄ ላይ ነው።»

ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ስልኩን አልዘጋብኝም።

ስልሳ ሁለት።

ሻጩ በእግሩ በርጩማ ገፋ ያደርግልኛል። አልቀመጥም። እንዳጎነበስኩ ከአንድ ጀምሬ እቆጥራለሁ። አውራ ጣቴ ሥር አንድ ነገር ይመታል፤ ገመዱ ይሁን የደም ሥሬ፣ ለማየት ጣቴን አላነሳም።