የቅዳሜው ደንበኛ

ትርንጎ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ከከፈተች ወዲህ ሲዲ ሻጩ ሰላም የለውም። እሱ አሥራ ሁለት ዘፈን ያለበትን ሲዲ በሚሸጥበት ዋጋ እሷ ሁለት መቶ ዘፈን ሚሞሪ ካርድ ላይ ትጭናለች። በሯ ላይ ሰው ተሰልፎ ባየ ቁጥር የራሱን ሙዚቃ ድምፅ ይጨምራል።

የቀሩለት ደንበኛ ጋሽ ይርዳው ብቻ ናቸው። በየቅዳሜው ገበያ ሲመጡ አምስት አምስት ሲዲ ይወስዳሉ። እሱም ሳምንቱን ሙሉ ዘፈን ሲያማርጥላቸው ይሰነብታል። ሲሸኛቸው ታዲያ ትርንጎ እንድትሰማው ጮክ ብሎ ነው።

«ዘፈን የሚያውቅ ሰው ሲዲ ይገዛል!»

ዛሬ ግን ጋሽ ይርዳው ስልካቸውን ኪሳቸው እየከተቱ ከትርንጎ ሱቅ ሲወጡ አያቸው። ራሱን መግታት አቃተው፤ መንገዱን በሩጫ አቋረጠ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ከዱኝ? ምን አጠፋሁ?»

«ምን ሆንክ ልጄ? ዘፈን አስጭኜ ነው እኮ። ድሮም የምትጭንልኝ እሷ ናት።»

ትርንጎ በሯን ተደግፋ ፈገግ አለች። እሱ ፊቱ ቀላ።

«ታዲያ የእኔን ሲዲ ምን ያደርጉታል?»

«ያንተንማ በገመድ እያሰርኩ ማሽላዬ መሀል እሰቅለዋለሁ፤ ነፋስ የሰበረውን በየሳምንቱ እተካለሁ። ፀሐይ አርፋበት ሲያብለጨልጭ ወፍ ዝር አይልም።»

ጋሽ ይርዳው ትርንጎን ገልመጥ አድርገው ወደ እሱ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የሷ ካርድማ ጥፍር አታክልም፤ የትኛው ወፍ ይፈራታል?»