ማንም የሌለበት ክፍል

2017 ዓ.ም. ነው፤ ኅዳር ሃያ አንድ፣ ጽዮን። ሰማዩ ጠርቷል፤ ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ፊት ይገርፋል።

ጀምበሩ ቅዳሴ እንዳበቃ ከሮብ ገበያ ተሳፍሮ ደብረ ማርቆስ ገባ። ገበሬ ነው፤ ወሬ አይወድም። የግራ እጁ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል። የመጣው ልጁን እንዳላማውን እጅ ከፍንጅ ሊይዝ ነው።

የሚካኤል ማግስት የወረደው በረዶ የአገሩን ገብስ ከመሬት ለጥፎታል። ቀድሞ ታጭዶ የገባው የጀምበሩ ብቻ ነበር። «ዕድል ያለው ሰው!» አሉት። በረዶ ግን በከንቱ አይወርድም፤ በዓል የሻረ ሰው አለ። ሰንበቴው ማን ይሆን ሲል ቀድሞ አፉን የከፈተው ራሱ ጀምበሩ ነው።

«የእኔው ጉድ ነው። ልጄ ደብረ ማርቆስ፣ ቴሌቪዥን ቤት ይሠራል። በሚካኤል ሲያሳዩ መዋላቸውን ሻይ ቤት ሁላችሁም አይታችኋል።»

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። «ሄደህ እይ። እውነት ከሆነ እሑድ በሰው ፊት ካደው። ከእንግዲህ ለቀብርም አገራችንን አይርገጥ።»

በቴሌቪዥን ጣቢያው በር ዘበኛው በሽር ተቀበለው።

«የእንዳላማው አባት? ቁርጥ እርስዎን! ይግቡ አባባ፣ ልጅዎ የሠራውን ይዩ።»

ከአንድ የመስታወት በር ፊት አቆመው። ውስጡ ስክሪኖች ተደርድረዋል፤ ቀይ መብራት በርቷል። ስክሪኑ ላይ የነበረው መዝሙር አለቀና የእርሻ ፕሮግራም ገባ። የነካው ሰው የለም። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። በሩ ሲከፈት የጋለ ሽቦ ሽታ ወጣ።

ጀምበሩ አፍንጫውን ያዘ። «ያስጠላል። ጋኔን የሰፈረበት ቤት። የት ተደብቆ ነው የሚነካካው?»

በሽር ሳቀ። «ምን ይደበቃል! በዋዜማው የሚታየውን ሁሉ ለመሣሪያው በተራ ደርድሮለት ይሄዳል፤ መሣሪያው ራሱ እያከታተለ ያሳያል። አንዱ መሣሪያ ቢታመም ሌላው ይተካዋል። ጠረጴዛዎቹም ባለ ጎማ ናቸው፤ ሰው ሲበዛ ክፍሉን ያሰፉታል፣ እንዲህ ሲሆን ይሰበስቡታል። በእኛ ኢድም እንዲሁ ነው፤ የሥራ ጓደኛው ነፊሳ ከቤቷ ትውላለች።»

«የሚካኤል ለትስ?»

«በዐሥራ አንድ ማታ ቆለፍሁ፣ በዐሥራ ሦስት ጠዋት ከፈትሁ። ቁልፉ ከኪሴ አልወጣም። እሱ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው። ‹ለምን እንዲህ ትለፋለህ?› ስለው፣ ‹በበዓል መሥራቴን ከሰማ አባቴ ብሞትም አይቀብረኝም› አለኝ።»

ጀምበሩ ባዶውን ወንበር ብዙ አየው። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቶ ምራቁን እንትፍ አለ።

«አመመዎት? ውሃ ላምጣ?»

«ተወው።»

ልጁን ሳይጠብቅ ተመለሰ።

በማግስቱ እሑድ ሰንበቴው ተሰበሰበ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ጠየቁት።

«አየኸው?»

«ማንም የለበትም።»

«ታዲያ በዓሉን ማን ሻረው?»

ጀምበሩ ተነሣ፤ የጣቱን ጨርቅ ፈታና የሚካኤል ለት ማጭድ የቆረጠውን ቁስል አሳያቸው።