ቪትዝ ላይ የስፖርት ጎማ

«ለዚህች ቪትዝ የስፖርት ጎማ? እሽቅድድም ልትገባ ነው ወይስ ሚስት ልታገባ?» አሉ ጋሽ ደምሰው። ለመኪናው ባለቤት ለወጣቱ የሚወዳትን ልጅ ሊጠይቁ ከሚሄዱት ሦስት ሽማግሌዎች ዋናው እሳቸው ናቸው።

የወጣቱ ደም ፈላ። «ጥሩ ጎማ ለእሽቅድድም ብቻ ነው ያለው ማን ነው? እንደ እኔ ከቤት ቢሮ ለሚመላለስ ሰው ነው የሚያስፈልገው! በዝናብ መንገዱን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ፍሬን ሲይዙ ቀጥ ይላል። የእርስዎ ጎማ እኮ ጋሼ፣ ከራስዎ የባሰ መላጣ ነው!»

«አፍህን ሰብስብ! በዚህ ጎማ ስንቱን ድሬበታለሁ!»

የልጅቷ አባት «የእሱ ሽማግሌ የግቢዬን በር አያልፍም» ብለው ምለዋል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው ሊለምኑ ተስማሙ። ወጣቱ መንገድ እያሳየ በዝናቡ ከፊት ነዳ፤ እነሱ በጋሽ ደምሰው አሮጌ ዲኤክስ ተከተሉት። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ በሩ አጠገብ ሲደርስ ፍሬን ያዘ። ቪትዟ እንደ ችካል ቀጥ አለች። «አያችሁ!» ሊል በመስኮት አንገቱን ሲያወጣ፣ ዲኤክሷ በጎኑ ተንሸራታ አለፈች፤ የቆርቆሮውን በር በርግዳ ግቢው ውስጥ ጎመን መደብ ላይ ቆመች።

አባትየው ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ሽማግሌዎቹ ከመኪናው ወርደው እንደ ወጉ ጎመኑ መሐል ተሰለፉ።

«እንግዲህ… የመጣንበት ጉዳይ…» አሉ ጋሽ ደምሰው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ።

አባትየው ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው። «ገብታችሁ የለም እንዴ! በሉ፣ ቤት ገብታችሁ ተቀመጡ።»

ከዚያ ወደ ደጅ ዞሩ።

«አንተስ ምን ይገትርሃል? ና ግባ፣ ልጄ!»