ከበሮው ሲቆም

እንዳላማው ይህን ነገር አንዳንድ ቦታ አዛብቶ ይዞት ይሆናል። ሰርጉ በጥር ይሁን በሚያዝያ፣ ሙሽራዋ በበቅሎ ትምጣ ወይም በፈረስ፣ ዛሬም ቢጠየቅ እርግጠኛ ሆኖ አይመልስም። ስለ ሁለቱ ሌንሶች ግን አይሳሳትም።

በጣልያን ጊዜ ነው። ደብረ ማርቆስ ከአንድ ጣልያን ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ሙያውን ለምዶ ነበር። አንድ ቀን የጦር ሰፈሩ ካፒቴን አስጠራውና በአስተርጓሚ ነገረው።

«አማኑኤል ከተማ ሰርግ አለ። የሰፈራችንን ወሬ ለሽፍቶች የሚያደርሰው ሰው እዚያ እንደሚገኝ ደርሼበታለሁ። ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ፊቱን አንድ ጊዜ ያየ ምርኮኛ አለኝ፤ እሱም እግሩ ተመትቶ ከአልጋ አይነሳም። ስለዚህ ሰርገኛውን በፎቶ ታመጣለታለህ። ከፊት እስከ ኋላ እያንዳንዱ ፊት ይለይ!»

እንዳላማው እጅ ነስቶ ወጣ። የሰርጉ ባለቤት አክስቱ ናት፤ ታላቅ ወንድሙ ደምለው ከዚያ አይቀርም። ደምለው ጨው ነጋዴ ነው። ገበያ በሌለበት ቀን ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል፤ ሲመለስም የት እንደዋለ አይናገርም። እንዳላማው ጠይቆት አያውቅም። መልሱን ያወቀው ይመስለው ነበር።

ካፒቴኑ ወታደሮቹን ይዞ በካሚዮን ወሰደው። ዳሱ ውስጥ ቀትር ላይም ጨለም ያለ ነበር። ለብርሃን የሚቃጠለውን የብልጭታ ዱቄት እንዳይለኩስ ጣሪያው ደረቅ ሣርና ቅጠል ነው። ያለው ምርጫ ሌንስ ብቻ ሆነ።

ትልቁ ሌንስ ብርሃን ስለሚጠጣ በዓይን ጥቅሻ ያነሳል፤ ግን የሚያጠራው አንድ መደዳ ብቻ ነው፤ ከኋላ ያለው ይደበዝዛል። ትንሹ ሌንስ ከፊት እስከ ኋላ ያለውን ሁሉ ያጠራል። ነገር ግን ክዳኑ ተነስቶ «አቡነ ዘበሰማያት» እስከ «ሲሳየነ» እስኪደገም መጠበቅ ይፈልጋል። በዚያ መሀል የተንቀሳቀሰ ሰው ፎቶው ላይ ጢስ ሆኖ ይቀራል።

መዘነ። ተጠራጠረ። እንደገና መዘነ። ከዚያ ትንሹን ሌንስ ገጠመ። ካፒቴኑ ቢጠይቀው «ሁሉም ይለይ አላሉም?» ብሎ ሊመልስ ይችላል።

ደምለውን ወደ ጥግ ሳበው።

«አያ፣ ክዳኑን ሳነሳ ጨፍር። እንዳትቆም።»

«እኔ? ከመቼ ወዲህ ነው ጭፈራ የማውቅ?»

«ዛሬ ታውቃለህ። በእናታችን!»

ደምለው ፊቱን አየው፤ ምንም ሳይጠይቅ እሺ አለ።

አዝማሪዋ ማሬ ከበሮዋን አንግታ ወደ ካሜራው መጣች። እሑድ እሑድ ካፒቴኑ ግብር ላይ የምትዘፍን እሷ ናት። ሰው በፊቷ ይስቅላታል፣ ዞር ስትል ይተፋል።

«አንተ ባለሳጥን፣ ይሄ ነገር ዓይኑን መቼ ነው የሚገልጥ?»

«ክዳኑን ሳነሳ።»

«ገልጦስ ብዙ ይቆያል?»

«ግማሽ አቡነ ዘበሰማያት» አለና ምላሱን ነከሰ። ምን አስቀባጠረው?

«ወይ ጉድ፣ ሳጥንህ ከኔ ይልቅ ጸሎተኛ ነው!» ብላ ሳቀች። ስትመለስ ካፒቴኑ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብላ በተሰባበረ ጣልያንኛ አንድ ነገር አለችው። ካፒቴኑም ሳቀ።

ከመደዳው ፊት ተቀመጠችና ከበሮውን መታች። ዳሱ ሞቀ። ደምለው መሀል ገባ።

«ደምለው! ጨው ተሸክመህ ነው እንዴ የምትጨፍር?» አለ አንዱ።

«አሞሌውን አውርዱለት እንጂ!» አለ ሌላው። ዳሱ በሳቅ ተናጋ።

እንዳላማው ክዳኑን አነሳ። አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ...

ከበሮው ቆመ።

ከበሮ ሲቆም ጨፋሪ ይቆማል፤ አዝማሪዋ ግጥሟን እስክታወርድ ባለበት ይጠብቃል። ደምለውም ትከሻውን እንደሰቀለ ደርቆ ቀረ። ዳሱ ጸጥ አለ። ማሬ ብቻ አንገቷን ወዲያና ወዲህ እየጣለች ያለ ከበሮ ታዜማለች። እንዳላማው የካሜራውን እግር ሊመታው ቃጣ፤ ግን ካፒቴኑ አጠገቡ ቆሟል። «ሲሳየነ» ላይ ሲደርስ ክዳኑን መለሰ። ከበሮው ወዲያው ተነሳ።

«ሸጠችን» አለ በልቡ።

ወንዶቹ ነገሩ እስኪለይ በወታደር ታግተው ዳሱ ውስጥ ቀሩ። ማሬ ለካፒቴኑ ግብር ልትዘፍን ካሚዮኑ ላይ ወጣች። መንገዱን ሁሉ እንዳላማው አላያትም።

ፎቶው ታጥቦ ሲደርቅ ካፒቴኑ በአጉሊ መነጽር አቀረቀረበት።

«ምን እንደምፈልግ ታውቃለህ?» አለ በአስተርጓሚው። «የጠፋ ፊት። የሚወራጨው የሚደበቅ ሰው ነው። ምርኮኛው ባይለየው እንኳ ፊቱ የጠፋውን ወንድ እሰቅለዋለሁ።»

እንዳላማው በካፒቴኑ ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ከፎቶው ደምለውን ፈለገ። ትንሹን ሌንስ የገጠመው ራሱ ነው። «ጨፍር» ያለውም ራሱ ነው።

ፊቱ የጠፋ ወንድ ግን አልነበረም። ሁሉም ቁልጭ ብለው ወጥተዋል። ደምለውም አፉን ከፍቶ፣ ትከሻውን ሰቅሎ ይታያል። የደበዘዘው ከከበሮው በላይ ያለው የማሬ ፊት ብቻ ነው።

«ይቺ የኛዋ ናት» ብሎ ካፒቴኑ አለፈው።

ምርኮኛው በፎቶው ላይ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ አየና «የለም» አለ። ወንዶቹ ተለቀቁ።

«ባንተ የተነሳ ጨርቄን ልጥል ነበር» አለው እንዳላማው ወንድሙን፤ «መልእክተኛው አንተ መስለኸኝ።»

«እኔ?» ደምለው በሳቅ ፈነዳ። «ደብረ ኤልያስ የብርጓል የምትባል ጠጅ ሻጭ አለች። ለእናታችን ትነግርና!»

እንዳላማው ከዚያ ወዲህ ማሬን መንገድ ላይ ሲያገኛት ፊቱን ያዞርባት ነበር።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ዲማ ድረስ ሄዶ ከአርበኞቹ አለቃ አፍ አረጋገጠ፤ እንደ ወንድ ጋቢ ተከናንባ ወሬ ታደርስላቸው የነበረችው ማሬ ናት።